ከአንጎለላ እስከ ምኒልክ አደባባይ፦ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። በደብረ ብርሃን የቅየሳ ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ ከተማችን በየአቅጣጫው እየሰፋች በመጣችበት በዚያ ዘመን፣ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ ለማየት ካሰብኩ ዓመታት አልፈው ነበር። ምክንያቱን ያመጣልኝ አጎቴ ነው። ልጁ አያት ሰፈር ወልዳ ነበርና አራስ ጥየቃ መሄድ ፈለገ፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ግን ብቻውን ለመሄድ አልደፈረም። እኔም የዓመት ፈቃዴን አውጥቼ አብሬው ለመሄድ ተስማማሁ። በዕለቱ የጻፍኩትን ብዙም ሳልነካ ገልብጬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ሲኖር ግን በየቦታው አንዳንድ ቃል ጨምሬበታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በቅጥቅጥ የወጣሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የኅዳር ውርጭ መስኮቱን አጨልሞት ስለነበር ረዳቱ በጨርቅ ሲወለውለው ነው ውጪው የታየን። አጎቴ ጫጫ ላይ ባናውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ አንድ ባልዲ ቅቤና ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ጠበቀኝ። የሚኖረው አንጎለላ ነው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ። ገና ከመቀመጡ፣ «አንተ ልጅ፣ የእምዬን ሐውልት ሳታሳየኝ እንዳትመልሰኝ» አለኝ። «ባቡሩ ራሱ እዚያው ድረስ ይወስደናል፣ ጋሼ» ብዬ ቃል ገባሁለት።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፈን በለገጣፎ በኩል ከተማዋ ስትጀምር፣ ከለገጣፎ ወደ ካራ፣ ከካራ ወደ ኮተቤ፣ ከዚያም ወደ ላምበረት መናኸሪያ ለመድረስ የፈጀብን ጊዜ ከሰንዳፋ እስከ ለገጣፎ ከሄድንበት ይበልጣል። ከሰሜን የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትሩን ሳይሰለች መጥቶ፣ የመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ከላምበረት እስከ መገናኛ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ነገር ግን በታክሲ መሻገር ግድ ነበር። ሁለታችንና ባልዲያችን ሦስት ሰው ተቆጥረን ተሳፈርን። እዚህ ላይ በማስታወሻዬ ላይ በደማቁ ያሰመርኩበት አንድ ነገር አለ፦ ከሰሜን ሸዋ፣ ከወሎና ከዚያም ወዲያ የሚመጣውን ሰው የሚቀበለው መናኸሪያና ከተማውን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጠው ባቡር በዓይን በሚተያዩበት ርቀት ላይ ሆነው፣ አንዱ ለአንዱ እንደማያውቀው ጎረቤት ነው። ዕቃ የያዘ ሰው፣ ሽማግሌ ወይም አራስ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ በምቾት የሚሻገርበት መንገድ አልተበጀም።

መገናኛ ላይ ትኬት የሚሸጠው በመንገዱ ዳር ባለች ትንሽ ኪዮስክ ነው። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። አጎቴ ትኬቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና በባናው ጫፍ ቋጠረው። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ከጠበቀው በታች ሆነበት መሰለኝ፣ ከቆመ በኋላ ነው ከዘራውን ያነሳው። ባቡሩን የሚስበው ሞተር የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ አሳየሁት። ባቡሩ 750 ቮልት በሚሸከመው በዚያ ሽቦ ላይ ክንዱን ዘርግቶ እየታከከ ኃይሉን እንደሚወስድ፣ ነዳጅ የሚባል ነገር ከቶ እንደማይነካ ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «መብራት ሲጠፋስ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል አልኩት።

ማንበብ አይችልምና በየጣቢያው ስሙን እንድነግረው አዘዘኝ። ጉርድ ሾላ አንድም ሁለትም ነው፤ ማኔጅመንት፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሲኤምሲ፣ መሪ፣ አያት። እያንዳንዱን ሲሰማ ከአፉ እየተቀበለ ደገመው። በዚያ ቀን ከስሞቹ ውስጥ አንዱንም ይዞ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን

ዛሬ የምሥራቅ–ምዕራቡን መስመር፣ ሰዉ አረንጓዴው የሚለውን፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ሄድንበት። ርዝመቱ 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹም 22 ናቸው። ሰማያዊው የሰሜን–ደቡብ መስመር ደግሞ 16.9 ኪሎ ሜትርና እንዲሁ 22 ጣቢያዎች አሉት። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ጠቅላላው 31.6 ኪሎ ሜትርና 39 ጣቢያ ነው። ሰማያዊው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አረንጓዴው ወር ከግማሽ ያህል ቆይቶ በጥቅምት 29 ተከተለው። ግንባታውን የቻይና ኩባንያ ሲሠራው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ከሆነው ወጪ አብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው።

ከአያት እስከ መገናኛ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሰፊው መንገድ መሀል ይሄዳል። ይህን ክፍል እንደ ቀያሽ ዓይን ሳየው አንድ ነገር ልቤን ያዘው። ጣቢያው በመንገዱ መሀል ስላለ፣ ተሳፋሪው ወደ ባቡሩ ለመድረስ በሁለቱም ወገን የመኪና መንገድ መሻገር አለበት። ሐዲዱ ደግሞ ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆች፣ አንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ እስከሚቀጥለው መሻገሪያ ድረስ ዞረው መምጣት አለባቸው። የአጎቴ ልጅ ዳቦ ቤቱ ከበሯ ፊት ለፊት እያለ፣ ባቡሩ ከተሠራ ወዲህ የዳቦ ደንበኛዋን እንደቀየረች ነግራናለች። ባቡሩን ግን አትነቅፈውም። ሥራ ቦታዋ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ታክሲ ስትጋፋ ከመዋል ያዳናት እርሱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስለዚህ መስመር የሚጽፍ ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል የለበትም።

ከመገናኛ በኋላ ሰዉ በረከተ። ለም ሆቴል፣ ሁለቱ ሃያ ሁለቶች፣ ዑራኤል፣ ባምቢስ እያለ እስጢፋኖስ ሲደርስ፣ መስመሩ ከመሬት ተነሥቶ በድልድይ ላይ ይወጣና መስቀል አደባባይን ከላይ እያሳየ ስታዲየም ያደርሳል። አጎቴ ወንበር ያገኘው አንድ ወጣት ተነሥቶለት ነው። «ተቀመጡ አባቴ» አለው ልጁ፤ አጎቴም «ዕድገት ይስጥህ» ብሎ መርቆት እስኪወርድ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። አንዱ ባቡር 286 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን በሩ ጋ የቆመው ሰው ትንፋሽ ለትንፋሽ ነበር።

ለገሃር ላይ ወርደን የድሮውን የባቡር ጣቢያና የይሁዳ አንበሳን ሐውልት አየን። አፄ ምኒልክ ለባቡር ሥራው ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋን በ1895፣ አዲስ አበባን ደግሞ በ1909 ነው የነካው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ባቡሩ ዋና ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ አልፈዋል። አሁን ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ ባቡር፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ እዚህ አይደርስም፤ የሚቆመው በከተማዋ ዳር በለቡ በኩል ነው። ቀላል ባቡሩም ወደዚያ አይሄድም። ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲዱ ተሳፋሪውን ከተማው መሀል ያወርደው ነበር፤ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳዮቹ «ጣቢያው» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ስሙን ተሸክሞ የቀረው የከተማው ውስጥ ባቡር ብቻ ነው።

ሜክሲኮ የሚቀጥለው ነው። ይህን ስም አጎቴ የሰው ስም መስሎት ነበር። የአደባባዩን ታሪክ እያጫወትኩት ምሳ በላን፦ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ አደባባዩ የተሰየመው ለዚያ ውለታ ነው። እነርሱም በዋና ከተማቸው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ጣቢያ አላቸው፤ በ1972 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የተከፈተ ሲሆን፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። በአንዱ ከተማ ሜክሲኮ የሚባል ጣቢያ፣ በሌላው ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ መኖሩ፣ በሁለቱም ዘንድ በየቀኑ «ወራጅ ነኝ» የሚሉ ሰዎች ሳያስቡት የሚደግሙት ምስጋና ይመስለኛል። አጎቴ እንጀራውን ጠቅልሎ ይዞ ቆየና፣ «እነሱስ ጣቢያቸው ላይ ስማችንን ሲጠሩ አስተካክለው ይጠሩታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ከምሳ በፊት እስከ ጦር ኃይሎች ሄደን ተመልሰናል። ተግባረ ዕድን፣ ልደታንና ኮካ ኮላን አልፎ ያለው ጉዞ ፈጥኖ ያልቃል። ከምሳ በኋላ ግን ስሕተት ሠራን። ሜክሲኮ ላይ የመጀመሪያውን ባቡር ቀለሙን ሳላይ አሳፈርኩት፤ ለገሃርንና ስታዲየምን አለፍን፤ እስጢፋኖስ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሐዲዱ ወደ ደቡብ ታጠፈና መሿለኪያ ደረስን። ሰማያዊው ነበር። በጋራው ክፍል ሁለቱም ባቡሮች በአንድ መድረክ ላይ ስለሚቆሙ፣ ለእንግዳ ሰው የሚለያቸው ቀለማቸውና ግንባራቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ቀለሙ ብቻ። ያን ዕለት ማታ አጎቴ ለልጁ ሲያስረዳት፣ «አረንጓዴው የቤት ነው፤ ሰማያዊው የመንገድ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ከድልድይ ላይ ካሉት ጣቢያዎች በአንደኛው፣ አሳንሰሩ ቆሞ ስለነበር አጎቴ ደረጃውን በእግሩ ወጣ። በየሦስት ደረጃው እያረፈ፣ ግራ እጁ የብረቱን ድጋፍ፣ ቀኝ እጁ ከዘራውን ይዞ፣ ባናው ከትከሻው እየተንሸራተተ ሲወጣ፣ ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ዝም ብለው በእርሱ እርምጃ ልክ ወጡ፤ ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልገፋም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ የምንሳፈርበት ባቡር ሄዶ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ፣ ባቡር የሚጀምረው ከበሩ ሳይሆን ከደረጃው ግርጌ መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ይህን በጉልበቱ ሊያውቀው ይገባል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን

የኅዳር ሚካኤል ነው። አጎቴ በአገሩ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ስለሆነ፣ ዛሬ የጉዞ ዕቅዴን ትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸኘሁት። ከአያት ሦስት ጣቢያ ብቻ ነው፤ ባቡሩ ነጠላ በለበሱ ሰዎች ነጭ ሆኖ ነበር የመጣው፤ ቅዱስ ሚካኤል ጣቢያ ሲደርስም ባዶውን ሊቀር ምንም አልቀረውም። ጣቢያ በቤተ ክርስቲያን ስም ሲጠራ፣ በዓመት አንድ ቀን ስሙና ሥራው እንዲህ ይገጥማል።

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነበር። ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይሉታል። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ከሚለው፣ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዘንድሮ ድፍን መቶ ዓመቱ ነው። ባቡሩ ከመሪ ወደ ሲኤምሲ ሲመጣ ግንባሩ በጭስ ውስጥ ተሸፍኖ፣ መብራቱ ብቻ ቀድሞ ይታይ ነበር። አጎቴ ቆም ብሎ አየውና፣ አባቱ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሰማውን፣ በአንጎለላ ሬሳ የሚያነሣ እስኪጠፋ ድረስ የደረሰውን መከራ ነገረኝ። ከዚያ በላይ ዛሬ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ቀን

የሰሜን–ደቡቡ ቀን። በአረንጓዴው ስታዲየም ድረስ ሄደን፣ እዚያ ሰማያዊውን ይዘን መጀመሪያ ወደ ደቡቡ ጫፍ ወደ ቃሊቲ ወረድን፤ ከዚያ መስመሩን በሙሉ ከታች ወደ ላይ ልናየው።

ቃሊቲ የከባድ መኪና አገር ነው። ከደቡብና ከምሥራቅ የሚገባው ጭነት የሚቆምበት፣ መጋዘኑ፣ ጋራዡ፣ ጎማ ቤቱ የተደረደረበት። እዚያ ያለው የባቡሮች ማደሪያ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሌላው አያት ነው። በሳሪስ አቦ መገንጠያ፣ በሳሪስ፣ በአደይ አበባ አድርጎ የሚመጣው መስመር ልክ እንደ አያቱ መሬት ለመሬት ነው፤ የሚያገለግለው ሰው ግን ይለያል። በአያት በኩል የሚሳፈረው የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲበዛ፣ በዚህ በኩል የሥራ ልብስ የለበሰ፣ የመሣሪያ ሳጥን የያዘ፣ ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ያንጠለጠለ ሰው ይበዛል። ከሥራ የሚወጣ ይመስላል እንጂ ገና ወደ ሥራ እየገባ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በ6 ብር ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ የደመወዝ ጭማሪ ማለት ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚተርፈውን ቁጭ ብሎ ያሰበ ሁሉ ይገባዋል።

የጣቢያዎቹ ስሞች ራሳቸው የከተማው ታሪክ ናቸው። ነፋስ ስልክ በገመድ አልባው ስልክ፣ ጠመንጃ ያዥ በዘበኞቹ፣ መሿለኪያ በጠባቡ መተላለፊያ፣ ዳርማር በጫማ ፋብሪካው። ላንቻና ሪቼም በመሀል አሉ። አጎቴ ስሞቹን ሲሰማ እያንዳንዱን ለምን እንደተባለ ይጠይቃል፤ ያወቅሁትን ነገርኩት። አገሩ ላይ ስም የሌለው ጉብታ ስለማያውቅ፣ ሁሉም ስም ምክንያት እንዳለው ያምናል።

ልደታ ላይ ሰማያዊው ከአረንጓዴው ተለይቶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል የመስመሩ ሁሉ ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። ሐዲዱ በድልድይ ላይ ሆኖ ዳርማርን፣ አብነትን፣ ሰባተኛን፣ አውቶቡስ ተራን፣ ጎጃም በረንዳንና አትክልት ተራን እያካለለ ወደ መርካቶ ሲገባ፣ ከመስኮቱ የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ ባሕር ነው፤ ዝገቱ ከቡና እስከ ሽንብራ ቀለም እየተለዋወጠ፣ መሀል መሀሉን አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ እየመለሰ። ከታች የሸክም ጋሪ፣ የጆንያ ቁልል፣ የስፖንጅ ፍራሽ የጫነ ሰው። ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ጭነቱ ተለወጠ፦ ከአብነት በኋላ ሰው ብቻ ሳይሆን ዘንቢልና ፌስታል ጉልበታችን ላይ ተደገፈ። አትክልት ተራ ጋ በሩ ሲከፈት የነጭ ሽንኩርትና የበሰበሰ ጎመን ሽታ አብሮ ገባ። ይህን ስጽፍ ያ ገበያ እዚያ የለም፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቆይቶም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ጣቢያው ግን እስከማውቀው ድረስ ስሙን ይዞ ቀርቷል።

አውቶቡስ ተራ ላይ ለአፍታ ወርጄ ነበር። እዚህ ባቡሩና የአገር አቋራጭ አውቶቡሱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሻንጣውን ይዞ ባቡሩ ላይ ይወጣል። ሰኞ ዕለት ከላምበረት እስከ መገናኛ በታክሲ የተሻገርነውን አስታወስኩ። አንድ ከተማ በአንዱ ጫፍ የሠራውን መልካም ነገር በሌላው ጫፍ መድገም ለምን ይከብደዋል? የእኛ መናኸሪያ ቦታ ሲመረጥ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ወሰንኩ።

ከአትክልት ተራ በኋላ ሐዲዱ ከሰማይ ወደ ምድር ይገባል። ዋሻው ውስጥ ስንገባ አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። የመጨረሻው ጣቢያ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ፣ ከመሬት በታች ነው። በዚህ ዋሻ ምክንያት በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተጨንቆ፣ ይመለስ ይሆን ወይ እያለ ጠይቋል። በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ልጅ ናቸው፣ የፍቼ አካባቢ ሰው፤ በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የኢጣልያን አገዛዝ አልቀበልም፣ ሕዝቤንም አላስገዛም ብለው በጥይት ተደብድበዋል። አፄ ምኒልክም የአንጎለላ ልጅ ናቸው። መስመሩ በሰሜን ጫፉ በሁለት የሰሜን ሸዋ ልጆች መካከል የሚያልቅ መሆኑን ከዚህ በፊት ልብ አላልኩትም ነበር፤ ከአጎቴ ጋር ሆኜ ነው የታየኝ።

ከጨለማው ወደ ብርሃን ስንወጣ፣ የአራዳ ጊዮርጊስ ከፊታችን፣ ሐውልቱም በፈረሱ በአባ ዳኘው ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዐድዋ ዞሮ ቆሟል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው፤ ጠላት በገባ ጊዜ አንሥቶ ቀበረው፣ ከድል በኋላ ወጥቶ ተመልሷል። አጎቴ ባናውን አወረደ፤ ከዘራውን በብብቱ ያዘ፤ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣ። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ የፈረሱን እግር ሲያይ ቆየና፣ «ፈረሱ ሁለት እግሩን አንሥቷል፤ ሊዘል ነው» አለኝ። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ሐዲድ ስፋትና ስለ ጣቢያ ርቀት ምንም አልጻፍኩም።

(ይህ አደባባይም ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ በአጠገቡ ተከፍቷል። ባቡሩ ግን ከዚያን ጊዜው በጣም ደክሟል፤ በመጀመሪያው ከገቡት 41 ባቡሮች ውስጥ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል፤ ይህም ባቡር ለመጠበቅ የሚይዘውን ጊዜ አርዝሞታል። ያን የቃሊቲ ሠራተኛ ሳስበው ያሳዝነኛል። ሐዲዱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ጣቢያው አለ፤ የጎደለው የሚመላለሰው ነው።)

ዓርብ፣ ኅዳር 14 ቀን

የአጎቴ ልጅ ሕፃኑን ታቅፋ እስከ አያት ጣቢያ ሸኘችን። አጎቴ አረንጓዴውን ከሩቅ ለይቶ፣ «የቤቱ መጣ» አላት። ወደ መገናኛ ስንመጣ የጣቢያዎቹን ስም እኔ አልነገርኩትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም፤ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ግን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።

ከመገናኛ እስከ ላምበረት በታክሲ፣ ከላምበረት በቅጥቅጥ። ሰንዳፋን እስክናልፍ ሁለታችንም እንቅልፍ ወስዶናል። ሸኖ ላይ ነፋሱ በመስኮት ሲገባ ነቃሁና ማስታወሻዬን አወጣሁ። የደብረ ብርሃን ዋና መንገድ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹና መናኸሪያው በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳሉ ከአእምሮዬ ጻፍኩ፤ ዛሬ ቤት ሳይሠራበት ቢከለል ነገ ለሕዝብ መጓጓዣ የሚሆነውን መሬትም በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ምልክት አደረግሁበት። ያቺ ገጽ አሁንም እኔ ዘንድ አለች፤ ከነጥቦቹ መካከል ሁለቱ ዛሬ ሕንፃ ቆሞባቸዋል።

ጫጫ ስንደርስ የአጎቴ ባለቤት ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር። አጎቴ ከመውረዱ በፊት የባናውን ጫፍ ፈታና የአምስቱን ቀን ትኬቶች አንድ በአንድ አወጣ። ስለ ልጃቸው ደኅንነት፣ ስለ ሕፃኑ መልክ ከነገራቸው በኋላ፣ ትኬቶቹን በመዳፉ ይዞ ከአያት ጀምሮ ይቆጥርላቸው ገባ፦ አያት፣ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሲቪል ሰርቪስ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ረዳቱ በሩን እየመታ «ሂድ!» ሲል፣ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ ከሲቪል ሰርቪስ ቀጥሎ ማን ነበር?» አለኝ።

«ማኔጅመንት፣ ጋሼ» አልኩት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ባለቤቱ ዞሮ ሲቀጥል አየሁት።